ማንም ያልሰማው ጎል

የምሠራው አየርላንድ ውስጥ ኸርሊንግ የሚባለውን ባህላዊ የዱላ ኳስ የክለብ ጨዋታዎች በኢንተርኔት በቀጥታ በምታስተላልፍ አንዲት አነስተኛ ድርጅት ነው። ስሟን ልተወው። አራት ሰዎች፣ ሦስት ካሜራዎች እና አንድ ያረጀ ሚኒባስ አሉን። ክሮክ ፓርክ ላይ ከ82 ሺህ በላይ ሕዝብ ሊይዝ በሚችለው ስታዲየም የሚደረጉት ትልልቅ ግጥሚያዎች የሚያስተላልፍላቸው አያጡም። ከአገር ውጭ ያለው ደጋፊም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ጋጎ በሚባለው የኢንተርኔት ማስተላለፊያ፣ ከ2025 ወዲህ ደግሞ እሱን በተካው በጂኤኤ ፕላስ ይከታተላቸዋል። ለእኛ የሚቀሩልን የአጥቢያዎቹ ጨዋታዎች ናቸው። እዚህ አገር ክለብ ማለት በአብዛኛው አጥቢያ ማለት ነውና ተጫዋቹም ደመወዝ የለውም፤ እሑድ ተጫውቶ ሰኞ ጠዋት ላሞቹን ያልባል ወይም ትምህርት ቤት ገብቶ ያስተምራል። ተመልካቻችን ጥቂት ቢሆንም ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሲድኒ ግንባታ ላይ የሚውል ወንድም፣ ቦስተን በነርስነት የምትሠራ እኅት፣ ዱባይ የሚያስተምር የአጎት ልጅ ነው።

ኸርሊንግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ቀን ጃንሜዳ የቆምኩ መሰለኝ። ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ዱላ፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ፣ የዱላ ኳኳታ፣ ከዳር የሚጮኽ ሽማግሌ። ገና ጨዋታ ነው አልኩ ለራሴ፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው ብቻ ነው የጎደለው። ጠጋ ስል ግን ልዩነቱ ታየኝ። በየወገኑ አሥራ አምስት ሰው ይሰለፋል። ኳሷ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈች አንድ ነጥብ፣ መረቡ ውስጥ ከገባች ጎል ነው፤ አንድ ጎል ሦስት ነጥብ ያወጣል። ነጭ ካፖርት የለበሰው ዳኛ ለነጥብ ነጭ፣ ለጎል አረንጓዴ ባንዲራ ያውለበልባል።

የእኔ ሥራ ምስሉን ጨምቆ ወደ ኢንተርኔት የሚልከውን መሣሪያ መጠበቅ ነው። ኸርሊንግ ለዚህ ሥራ ክፉ ጨዋታ ነው። ሽሊተር የሚሏት ኳስ ክብደቷ ከ120 ግራም አይበልጥም፣ ፍጥነቷ ግን በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። መሣሪያው ምስል ሲጨምቅ የማይጠቅም የመሰለውን ይጥላል፤ መጀመሪያ የሚጥለው ደግሞ ትንሽና ፈጣን የሆነውን ነገር ነው። መስመሩ ሲቀጥን ሣሩ አረንጓዴ ገንፎ ይሆናል፣ ኳሷ ትሰወራለች፣ ሠላሳ ሰው ባዶ አየር ሲያሳድድ ይታያል። ስለዚህ ለምስል ጥራት የማልሆነው አልነበረም። ባልደረቦቼ «ጥራት» የሚል ቅጽል ስም ሊያወጡልኝ ምንም አልቀራቸውም።

ነገሩ የደረሰው በጥቅምት አጋማሽ፣ ቲፐራሪ ገጠር ውስጥ ነው። ዓርብ ዕለት ሄጄ መስመሩን ፈትሻለሁ። ሜዳው ላይ ሣር የሚያጭድ አንድ ሰውና እኔ ብቻ ነበርን። ከሦስት ኩባንያዎች የተገዙ አራት ሲም ካርዶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተጣምረው እንደ ጅረት ይፈስሳሉ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ጨዋታው እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ቦስተን ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሲድኒ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ማለት ነው። (ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ይህን ሁሉ በሐበሻ ሰዓት እያሰብኩ በፈረንጅ ሰዓት ስጽፍ ያጠፋሁት ጥፋት ለብቻው አንድ ገጠመኝ ይወጣዋል።) ሁለት ሺህ ያህል ሰው መጣ፤ ሁሉም ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። አራት ሲም ካርድ አራት መንገድ መስሎኝ ነበር። ለካ አራቱም የሚገናኙት ከመንደሩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በቆመው አንድ የሞባይል ስልክ ምሰሶ ነው፤ ሁለቱ ሺህ ስልኮችም እንዲሁ። ዓርብ የፈተሽኩት ባዶ መንገድ ነበር፤ እሑድ ገበያ ሆኖ ጠበቀኝ።

እስከ ዕረፍት ደህና ቆየን። ዕረፍት ላይ ሰው ሁሉ ስልኩን መዘዘ፤ የእኔም የመላኪያ ፍጥነት ቁጥር መውረድ ጀመረ። በሰከንድ ከአምስት ሜጋቢት ወደ ሦስት፣ ከዚያ ወደ አንድ፣ ከዚያም ወደ ግማሽ። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ዝናቡ መጣ፤ ዝናብ የነካው ሣር ደግሞ ለመጭመቅ ይበልጥ ያስቸግራል። ኳሷ ጠፋች። ሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ የእኛ ሰዎች፣ ማለቴ የቀጠሩን ክለብ፣ በሁለት ነጥብ እየተመሩ ሳለ ትዕግሥቴ አለቀ። «አጥፍቼ ባስነሳው ይስተካከላል» ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።

ሣጥኑ እስኪነሳ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። በተጨናነቀ ምሰሶ ግን ሲም ካርዶቹ ተራ በተራ እየለመኑ ነው የሚገቡት። አንዱ ገባ፣ ሌላው ተባረረ። አራት ደቂቃ ፈጀ።

ከአጠገቤ ጨዋታውን በድምፅ የሚያስተላልፈው የክለቡ ሰው ነበር፤ ማዳመጫውን አጥብቆ፣ ዓይኑን ሜዳው ላይ ተክሎ። ማጥፋቴን አልነገርኩትም። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግራ ክንፍ ላይ ያለው ልጅ ኳሷን በዱላው ጫፍ አንስቶ፣ ሁለት ሰው አልፎ፣ መረቡ ውስጥ ከተታት። አረንጓዴው ባንዲራ ወጣ። ሰውየው ከወንበሩ ተነሥቶ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ፤ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የእርሻቸውን ስም ሳይቀር ጠራ። ድምፁን የሚወስደው መስመር ሞቶ ነበር። ያንን ሁሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔም ፊቴ ላይ ምን እንደነበረ አላውቅም፤ ሰውየው ግን ዞር ብሎ አየኝና ፈገግታው ደረቀ።

ክለቡ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። ማታ መልእክቱን አነበብኩ። ገንዘባችን ይመለስ የሚለው ብዙ ነው፤ ይገባቸዋል። ከሲድኒ የመጣው አንዱ ግን ገንዘብ አልጠየቀም። ጎሉን የሰማው ሜዳው ላይ ከነበረችው እኅቱ የስልክ መልእክት መሆኑን ጽፎ «ምስሉስ ይሁን፤ ድምፁን ለምን ቆረጣችሁት?» ይላል።

መልስ አልነበረኝም። ድምፅ የሚፈልገው የምስሉን አንድ አርባኛ ያህል ነው። ያ የተጨናነቀ መስመር ለኳሷ ባይበቃም ለሰውየው ጉሮሮ ይተርፍ ነበር። ድምፅና ምስልን በአንድ ጉሮሮ ያፈሰስኩት፣ ሁለቱንም በአንድ ቁልፍ የገደልኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ለይቅርታ ወደ ክለቡ ሄድኩ። ጸሐፊው ሰማንያ የሚጠጉ አዛውንት ናቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሻይ አፈሉልኝና እ.ኤ.አ. የ1947ን ነገር አነሡ። የዚያ ዓመት የመላው አየርላንድ የጌሊክ እግር ኳስ ፍጻሜ የተደረገው ኒው ዮርክ ነበር፤ ፖሎ ግራውንድስ በሚባል ሜዳ፣ በካቫንና በኬሪ አውራጃዎች ቡድኖች መካከል። አገሬው በየራዲዮው ዙሪያ ተሰብስቧል። የአትላንቲኩ መስመር የተከራየው እስከ ተወሰነ ሰዓት ነው፤ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ግን ጨዋታውን አዘገየው። አስተላላፊው ማይክል ኦሄር ሰዓቱ ሊያልቅ መሆኑን፣ ጨዋታው ግን ገና አለማለቁን ሲያይ ማስተላለፉን ሳያቋርጥ፣ እዚያው አየር ላይ፣ መስመሩን የያዘው ሰው ማንም ይሁን ማን አምስት ደቂቃ እንዲጨምርለት ይለምን ጀመር። አልቆረጡበትም። ካቫን ማሸነፉን አገሩ ሁሉ በቀጥታ ሰማ።

«እኔ ያኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ይህን የነገረኝ አባቴ ነው» አሉ ጸሐፊው። «ያንን ቀን ሲያወሩ ጎሎቹን አያነሡም። ሰውየው ሲለምን ነው የሚያወሩት።» ከዚያ ወደ ሥራ ጉዳይ ገቡ፤ የክለቡ ቤት ውስጥ ለኢሜይል የሚጠቀሙበት አሮጌ የመዳብ መስመር እንዳለ፣ እጅግ ቀርፋፋ እንደሆነም ነገሩኝ። ለምስል አይሆንም። ለድምፅ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ከካሜራው ማማ እስከ ክለቡ ቤት 160 ሜትር ነው። የኔትወርክ ገመድ ከ100 ሜትር በላይ አይታመንም፤ መሐል ላይ ማገናኛ ሣጥን አድርገን ዝናብ እንዳይገባው የቀለም ባልዲ ደፋንበት። ቀጣዩ ጨዋታ ላይ ድምፁ በመዳቡ፣ ምስሉ በሲም ካርዶቹ፣ ለየብቻ ሄዱ።

ዕረፍት ላይ ሰው ስልኩን መዘዘ። ቁጥሩ ወረደ። ሣሩ ገንፎ ሆነ። ከሲድኒ መልእክት መጣ፤ «ኳሷ አትታየኝም።» እጄ ሳላዘው ወደ ቁልፉ ተንቀሳቀሰ። ጸሐፊው ከኋላዬ ቆመው ኖሯል፤ ምንም ሳይሉ በሁለት እጅ ካልያዙት የማይቻል፣ እስከ አፉ የሞላ ትኩስ የሻይ ኩባያ አስጨበጡኝ።