ጦሳን በረቂቅ ሥዕል፦ ባዶውን ቦታ አስቀድሞ መሣል

ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ባለ ጠባብ ሸለቆ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ ከፒያሳ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከሰማዩ በፊት ተራራው ላይ ያርፋል። አድማሱ እንዲህ ከዓይን በላይ ሲሆን፣ ወደ አንድ ነጥብ በሚሰበሰቡ መስመሮች ርቀትን ማሳየት ብዙ አያራምድም። የረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕል ሠዓሊያን ስለ ቦታና ስለ ቅርጽ የሚያስቡበትን መንገድ በጦሳ ላይ ለመፈተን የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻ የሆነኝ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ፒየት ሞንድሪያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 በሣለው ግራጫ ዛፍ ላይ፣ በቅርንጫፎቹ መካከል ያለው አየር እንደ ቅርንጫፎቹ ሁሉ በብሩሽ ተሠርቶ የራሱን ቅርጽ ይዟል፤ በቀጣዩ ዓመት በሣለው ያበበ የፖም ዛፍ ላይ ደግሞ ዛፉና አየሩ በጎባጣ መስመሮች ተሳስረው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ከዚህ የተረዳሁት፣ ባዶ የምንለው ቦታ ነገሮች ከተሣሉ በኋላ የሚተርፍ ሳይሆን ከነገሮቹ እኩል የሚሣል መሆኑን ነው። (ሐሳቡ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ ብዙ ጊዜ የሚቆሙት ጥልቀት ባለው መልክዓ ምድር ውስጥ ሳይሆን በቀለም በተከፋፈለ ጠፍጣፋ መደብ ላይ ነው።)

ሥራውን የጀመርኩት ተራራውን ትቼ በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለውን አየር በከሰል በመንደፍ ነበር። ንድፉን ከካርቶን ቆርጬ አወጣሁትና ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ አንድ ጊዜ ገልብጬ፣ ሌላ ጊዜ በጎኑ አዙሬ ተመለከትኩት። ተገልብጦም ሚዛኑን ከጠበቀ በራሱ የሚቆም ቅርጽ ሆኗል ማለት ነው፤ ሰማይ መምሰሉን ካልተወ ግን ጠርዙን በመቀስ አስተካክለው ነበር። ወደ ሸራ የተሸጋገርኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህ ደረጃ እንዳይዘለል አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ ቀለሙ ነው። ሞቃት ቀለም ወደ ፊት ይመጣል፣ ቀዝቃዛው ወደ ኋላ ይሸሻል የሚለው የተለመደ ትምህርት እውነትነት ቢኖረውም ብቻውን አይበቃም። ጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ሠዓሊ ሃንስ ሆፍማን፣ በሸራ ላይ ጥልቀት የሚፈጠረው ቀለማትና ቅርጾች እርስ በርስ ሲገፋፉና ሲሳሳቡ እንደሆነ ያስረዳ ነበር። ይህን በዓይኔ ያረጋገጥኩት ለተራራው የደበዘዘ ቡናማ፣ ለአየሩ ደግሞ ደማቅ ሰማያዊ በቀባሁ ጊዜ ነው፤ ሰማያዊው ሰፊና ደማቅ በመሆኑ ወደ ፊት መጣ፣ ያን የሚያህል ጦሳም ከበስተኋላው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቀለምን የምመርጠው አጠገቡ ካለው ቀለም፣ ከሚይዘው ስፋትና ከድምቀቱ ጋር እያገናዘብኩ ነው።

ጠርዝም ርቀትን ይወስናል። በክረምት ጉም የጦሳን ወገብ ሲሸፍነው አናቱ ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ግርጌ የሌለው ቅርጽ ተንሳፍፎ ይታያል። ይህን ለማምጣት የላይኛውን ጠርዝ በስፓቱላ ጥርት አድርጌ፣ የታችኛውን የአክሪሊክ ቀለሙ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አደበዝዘዋለሁ።

አሁን የያዝኩት የኮምቦልቻን ሜዳ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ዶሮ መዝለያን አልፈው ሲወርዱ ሸለቆው ይከፈታል፤ አየሩን ግራና ቀኝ አቅርቦ የሚይዘው ገደል ስለማይኖር፣ ለቅርጹ ወሰን የሚሆኑት የሸራው አራት ጠርዞች ብቻ ናቸው። በመሆኑም ሸራውን የምወጥረው ንድፉ ካለቀ በኋላ፣ ቁመቱንና ወርዱን ንድፉ ራሱ ሲወስንልኝ ነው።