ምልክቱን አምኜ ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ አሞቅሁ

ማይክሮዌቩን ገዝቶ ወጥ ቤት ማስቀመጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ጠርዙ በወርቅ ቀለም የተቀባ ሲኒ እንደማይገባበትም በመጀመሪያው ሳምንት ተማርኩ፤ ብልጭታው ራሱ ነገረኝ። ማንም ያላስጠነቀቀኝ ድምፅ ሳያሰማ ስለሚበላሸው ዕቃ ነው።

ለልጄ ምግብ ማሞቂያ ብዬ ከመርካቶ ክዳን ያላቸው ሦስት የፕላስቲክ ዕቃዎች ገዛሁ። ከሥራቸው 5 ቁጥር ያለበት ሦስት ማዕዘንና ለማይክሮዌቭ ይሆናል የሚለው የሞገድ ምልክት ታትሟል። ሻጩ «እህቴ፣ ምልክቱ እኮ አለው፤ ምንም አይሆንም» አለኝ። አመንኩት። ከዓመት በላይ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ቅቤ የገባበት ወጥም በእነርሱ ሞቀ።

አንድ ቀን ከበዓል የተረፈ ዶሮ ወጥ አሞቅሁና ዕቃውን ሳጥብ ቀይ መስመሩ አልለቅ አለ። በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሻካራ ነው። ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው ወጡ በቆመበት ልክ ዙሪያውን ተቦርቡሯል፤ ጥቃቅን ጉድጓዶች፣ አፋቸው ነጣ ያለ። ከዚያ በላይም በታችም ልስልስ እንዳለ ነው። የተጎዳው ቅቤው የተንሳፈፈበት ቦታ ብቻ ነው።

ይዤው ወደ ሱቁ ተመለስኩ። «ተጠቅመሽበታል፤ አልቀይርም» አለ ሻጩ። እኔ ቅያሪ አልጠየቅሁትም። ከዚህ ላይ የተነሣው ከወጡ ጋር ካልሆነ የት ሄደ ነው ያልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እስካሁን ያናድደኛል።

ነገሩን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ውሃ ሲፈላ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቆማል፤ ቅቤና ዘይት ግን ያልፉታል። 5 ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ሲሆን 160 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል። ምልክቱ ዕቃው በተለመደው አሞቃቀም ቅርጹን እንደማያጣ ይናገራል እንጂ ወደ ምግቡ የሚገባ ነገር ጨርሶ የለም አይልም። ልጄ ላይ ይህን ጉዳት አደረሰ ብዬ የማሳየው ነገር የለኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ዕቃውን በየቀኑ እያጠብኩ አንድ ጊዜ እንኳ በጣቴ አለመዳሰሴ ግን ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲያ የቤቱን ዕቃ ሁሉ መፈተን ጀመርኩ። ባዶውን ዕቃና አንድ ብርጭቆ ውሃ ጎን ለጎን አስገብቶ አንድ ደቂቃ ማሞቅ ነው፤ ውሃው ሞቆ ዕቃው ቀዝቃዛ ከሆነ አለፈ ይባላል። የሜላሚኑን፣ ማለትም የጠንካራ ፕላስቲኩን ሳህን አማቴ ሊያወጡ ነክተው «ውይ ልጄ፣ ይኼስ ከውሃውም ብሶ ጋለ!» አሉ። የሸክላ ድስቴም ወደቀ፤ ሲታጠብ ውሃ ስለሚጠጣ ይግላል። የተቦረቦረው ፕላስቲክ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ወጣ። ያ ዕቃ አለፈ! ፈተናው ለሸክላና ለሴራሚክ ይጠቅማል፤ ፕላስቲክ የጋለ ቅቤና ዘይት ይችል እንደሆነ ግን አይነግራችሁም። ፈተናውን የነገሩኝ ሰዎች አንዳቸውም ይህን አልጨመሩልኝም።

ከማይክሮዌቩ ጋር የመጣው መመሪያ ምልክት ያለበትን ፕላስቲክ ይፈቅዳል። በእኔ ቤት ተከልክሏል። ቅቤ ወይም ዘይት የነካው ምግብ በወፍራም የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ወይም ጌጥ በሌለው ነጭ ሴራሚክ ብቻ ይሞቃል። ክዳኑ ፕላስቲክ ከሆነ ይነሣና የሴራሚክ ሳህን ይደፋበታል። ከማቀዝቀዣ የወጣ የብርጭቆ ሳህን ደግሞ እንዳይሰነጠቅ መጀመሪያ ውጭ ይቆያል። ብርጭቆ ውድ ነው፣ ይከብዳል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሦስት ፕላስቲክ በምትገዙበት ገንዘብ አንድ የብርጭቆ ሳህን ግዙ። ቤታችሁ ያለውን ፕላስቲክም ዛሬ ወደ ብርሃን አውጥታችሁ ውስጡን በጣታችሁ ዳስሱት። ከሻከረ ለማይክሮዌቭ ቀርቶ ትኩስ ወጥም አትጨምሩበት።