ግራፉ ላይ የሌለችው እህት

ጥናታችን ስደተኞች ከድንበር ማዶ ካለው ዘመድና ወዳጃቸው ጋር ያላቸውን ግንኙነት በሶሻል ኔትወርክ አናሊሲስ ማየት ነበር፣ ማለትም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በነጥብና በመስመር እየሳሉ ማጥናት። ስም የሚያስጠራውን ጥያቄ የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ በ1985 ጄኔራል ሶሻል ሰርቬይ የተባለው የአሜሪካ ሀገር አቀፍ የማህበራዊ ጥናት መጠይቅ እንደጠየቀው አይነት፣ "ባለፉት 6 ወራት ስለ ቁም ነገር ያወያየሻቸው እነማን ናቸው"፣ ቢበዛ 5 ስም። የታወቀ ጥያቄ ስለሆነ ማንም አልተከራከረኝም።

ዳታው ሲገባ ጌፊ በሚባለው የኔትወርክ መሳያ ሶፍትዌር ላይ ጫንኩት፣ አጠገባቸው የሚኖሩትን በሰማያዊ፣ ማዶ ያሉትን በቀይ አድርጌ። ስክሪኑ ሰማያዊ በሰማያዊ ሆነ፣ ቀዩ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ነው። "ከሀገር ቤት ጋር ያላቸው ግንኙነት ሳስቷል" ብዬ ረቂቁ ላይ ጻፍኩ፣ ያውም በእርግጠኝነት።

የቀሩትን ኢንተርቪዎች ራሴ ልጨርስ ብዬ አንዲት ሴትዮ ጋር ሄድኩ። እያወራን ስልኳ ሦስቴ ጠራ፣ ሦስቴም "እህቴ ናት፣ ቆይ መልሼ እደውልላታለሁ" ትላለች። 5ቱን ስም ስትጠራልኝ ግን እህቷ የለችበትም። እህትሽስ አልኳት። "እንዴ፣ እሷንማ ምን ብዬ? ብታመም እንኳ አልነግራትም፣ ሩቅ ሆና ትጨነቃለች። ደሞዝ የገባ ቀን ግን መጀመሪያ የምደውለው ለሷ ነው፣ ልጄም እሷ ጋ ነው።"

እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። የኔ ጥያቄ የሚይዘው ምክርን ነው፣ ምክር ደግሞ ሰው ቅርቡ ካለው ይወስዳል፤ ድንበር የሚሻገረው ገንዘቡ፣ ልጅ ማሳደጉ፣ የታመመ ወላጅ መጠበቁ፣ ዝም ብሎ ድምጽ መስማቱ ሁሉ ከመጠይቁ ውጭ ቀርቷል።

ጥያቄውን ከፋፈልነው፣ ለማን ትልኪያለሽ፣ ማን ይልክልሻል፣ በዚህ ሳምንት ማን ደወለልሽ፣ የ5 ገደቡንም አነሳን። የተጠሩት ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ ወይ የሚለውንም ጨመርን፣ እሱ አድካሚ ነው፣ 20 ስም ከተጠራ 190 ጥንድ መጠየቅ አለ፣ ሰዉ ቢሰለች አልፈርድበትም፣ ግን ያለሱ ማን ማንን እንዳያያዘ በጭራሽ አይታይም። የሴትየዋን አዲሱን ግራፍ ስሰራ፣ እንደተለመደው እሷን ራሷን አውጥቼ የቀሩትን አየሁ፣ ፍሪማን የተባለው ተመራማሪ በ1977 ባወጣው የቢትዊንነስ ልኬት፣ አንድ ሰው ሌሎቹን በመሃል ሆኖ ምን ያህል እንደሚያገናኝ በሚለካው፣ ትልቁን ቁጥር ያገኘችው ያቺ ያልተጠራች እህት ናት፣ በሦስተኛ ሀገር ያለው ወንድማቸው ከቀረው ቤተሰብ ጋር የሚገናኘው በሷ ብቻ ነው።

ረቂቁ ላይ የነበረችውን ያችን "ሳስቷል" ያልኩባትን ዓረፍተ ነገር ሰርዤ በነጋታው ቀድመው ለመለሱልን ሰዎች አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ።