በሰልፉ መጨረሻ የቆሙት ጋሼ

ቴኳንዶ ውስጥ ሰው የሚሰለፈው በቀበቶው ነው። ጥቁር ከፊት በስተቀኝ ይቆማል፤ ከዚያ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እያለ ይወርድና ነጭ መጨረሻ ላይ ይሆናል። ዕድሜ አይጠየቅም፣ ሥራ አይጠየቅም፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አይጠየቅም። እዚህ ባሕር ዳር ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የሚመጡ ወላጆች ይህን ሲያዩ ብዙዎቹ ቅር ይላቸዋል። «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ቀድሞ ይቆማል እንዴ?» ይሉኛል። ይቆማል። በር ላይ ቆሞ ይህን ማስረዳት ስለማይመች ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ያደግሁት ሽምብጥ ነው። አሁን 2ኛ ዳን ነኝ፣ ማለትም ሁለተኛው የጥቁር ቀበቶ ደረጃ ላይ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ጀማሪዎችን አሠለጥናለሁ። የምንሠራው አይቲኤፍ የሚባለውን፣ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ እ.ኤ.አ. በ1966 ሴኡል ላይ ያቋቋሙትን ፌዴሬሽን መንገድ ተከትለን ነው። ልጆቹ በቴሌቪዥን የሚያዩትና ሰለሞን ደምሴ በቶኪዮ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረበት ደግሞ በወርልድ ቴኳንዶ የሚመራው ሌላኛው ነው። የግጥሚያ ደንባቸው ይለያያል። በሰልፉ ጉዳይ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጋሼ ወደ እኛ የመጡት የልጅ ልጃቸውን ሊያደርሱ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ስኳር አለባቸውና ሐኪም እንቅስቃሴ አድርጉ ብሏቸው በየጠዋቱ በጣና ዳር በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ልጅቱ እስክትጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። እየቆዩ ጋዜጣውን አጥፈው እኛን ማየት ጀመሩ። አንድ ቀን ጠጋ ብለው «ለእኔስ ይሆናል?» አሉኝ። ይሆናል አልኳቸው።

አንደኛው ቀይ ቀበቶ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጋሼ ከሕፃናት ኋላ መቆማቸው ከብዶት ከእርሱ ጎን ቦታ ሊለቅላቸው ፈለገ። እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። «ዕድሜ ልኬን አስተምሬያለሁ፤ አንደኛ ክፍል የገባ ሰው ስምንተኛ ክፍል ሄዶ አይቀመጥም። ቦታዬን አሳዩኝ» አሉ። ከሰባት ዓመት ልጅ ቀጥሎ፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሙ። የልጅ ልጃቸው አረንጓዴ ቀበቶ ስለሆነች ከፊታቸው ነበረች።

ያን ቀን ያየሁትን ነው ለወላጆች ልነግራቸው የምፈልገው። ጉኑን ሶጊ የሚባለውን አቋቋም ስናስተምር የፊት ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው ቀጥ ይላል፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ርዝመት አንድ ትከሻ ተኩል ይሆናል። የጋሼ ጉልበት አልታጠፈም ነበር። አጠገባቸው የነበረች ቢጫ ቀበቶ ልጅ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ይጠፉት፤ ጀርባዎን ደግሞ ቀና ያድርጉ» አለቻቸው። አንቱታዋን አልጣለችም፤ ማረሙንም አልተወችውም። ቀበቶዋ እንድታርም ፈቀደላት፣ አስተዳደጓ ደግሞ እንዴት እንደምታርም ነገራት። ሁለቱ ይጋጫሉ ብሎ የሚሰጋ ወላጅ ካለ መጥቶ ይቺን ልጅ ይያት።

ኮሪያዎቹም ቢሆኑ ዕድሜን ንቀው አይደለም በቀበቶ የሚሰለፉት። በአንድ ዓመት የሚበልጥህን ሰው እንኳ በአክብሮት የምታነጋግርበት አገር ነው፤ ቋንቋቸው ራሱ እንደ እኛው ለታላቅ የተለየ አነጋገር አለው። እቃ ሲሰጡና ሲቀበሉ በሁለት እጅ፣ ወይም ቀኙን በግራ ደግፈው ነው። ልጆቻችን አዲስ ቀበቶ ሲሰጣቸው ማንም ሳያስተምራቸው በሁለት እጃቸው ጎንበስ ብለው ይቀበላሉ፤ እናቶቻቸው ቤት ውስጥ አስተምረውልናል። በዚህ ነገር ሁልጊዜ ልቤ ይሞላል።

አንዲት እናት በእጅ መንሳቱ ተጨንቀው ልጃቸውን ሊያስወጡት ነበር። «ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። «ቻርዮት፣ ክዮንግዬ» (ቀጥ በሉ፣ እጅ ንሡ) ሲባል የምናደርገው ግን ጎረቤት መንገድ ላይ ሲገኝ የሚደረገውን ያህል ነው፤ በደንቡ 15 ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ፊት የምናዘነብለው። አሠልጣኙም ለተማሪው መልሶ ያንኑ ያደርጋል። ይህን ቆመው አዩ፣ ልጁንም አላስወጡትም። እኚህን እናት ስለጥያቄያቸው አከብራቸዋለሁ፤ ልጅን ዝም ብሎ ከሚያስረክብ ወላጅ እንዲህ የሚጠይቀው ይሻለኛል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነገር ልምጣ፤ ስለ ጥድፊያው። «ልጄ መቼ ነው ጥቁር የሚያስረው?» የሚለው ጥያቄ ከምዝገባው ዕለት ይጀምራል። ከነጭ ተነስቶ 10 ጉፕ፣ ማለትም ከጥቁር በታች ያሉ ደረጃዎች፣ አለ፤ ቁጥሩ ከ10 ወደ 1 እየወረደ ሄዶ ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ከ1ኛ ዳን እንደገና ወደ ላይ ይቆጠራል፣ እስከ 9ኛ። በሌላኛው መንገድ፣ የወርልድ ቴኳንዶን ዳን በሚሰጠው ማዕከል በኩኪዎን ሥርዓት፣ 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ዳን አይሰጠውም፤ ፑም ይባላል፣ ቀበቶውም ግማሹ ቀይ ግማሹ ጥቁር ነው። እዚያው ከ1ኛ ወደ 2ኛ ዳን ቢያንስ 1 ዓመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 ዓመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 ዓመት መጠበቅ ግዴታ ነው። ይህን ያወጡ ሰዎች ገንዘብ ወይም ጊዜ ተርፏቸው አይደለም። ሰውነት ቶሎ ይማራል፤ ጠባይ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከተለው።

በእኛ መንገድ ቀዩ ቀበቶ የአደጋ ምልክት ነው። ለያዘው ሰው ራስህን ተቆጣጠር፣ ለተጋጣሚው ደግሞ ተጠንቀቅ ማለት ነው። እኔ ቀይ ላይ ያለን ልጅ ከማንም በላይ አብዝቼ አያለሁ። ዶልዮ ቻጊው (ዞሮ የሚመታው ርግጫ) ፈጥኗል፣ እግሩ ከጭንቅላት በላይ ይደርሳል፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያደንቁታል። ዝቅ ያለ ቀበቶ ካለው ልጅ ጋር ሲጋጠም እግሩን ከተጋጣሚው ፊት አጠገብ ማቆም ካልቻለ ቱሉን፣ ማለትም በቅደም ተከተል የሚሠራውን የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ በቃሉ አጥርቶ ቢያውቀውም ለጥቁር አላቀርበውም። ከአንድ ወላጅ ጋር በዚህ ምክንያት ተኳርፈናል። ልጁ ግን አልሄደም፤ አሁን ትንንሾቹን ሲያለማምድ እጃቸውን ይዞ ነው።

ቱሎቹ 24 ናቸው፤ በቀን ውስጥ ባሉት ሰዓታት ልክ። ብዙዎቹ የሚጠሩት በኮሪያ ታሪክ ሰዎች ስም ነው። ሰማያዊ ቀበቶ ላይ የሚሠራው ጁንግ ጉን የተሰየመው በአን ጁንግ ጉን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 ቀደም ሲል ኮሪያን ይገዛ የነበረውን ጃፓናዊ ኢቶ ሂሮቡሚን ሃርቢን ላይ ተኩሶ የገደለውና በ1910 በሞት የተቀጣው አርበኛ። ቱሉ 32 እንቅስቃሴ ያለው በኮሪያውያን የዕድሜ አቆጣጠር በተገደለበት ዕድሜው ልክ ነው። ይህን እኔ ስናገር ልጆቹ ይሰሙኛል፤ ጋሼ ሲናገሩት ግን ሌላ ነው።

ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ አንዳንዴ ወደ ሐይቁ ወርደን ሣሩ ላይ እናርፋለን። እዚያ ሰልፍ የለም፤ «ሄሳን» (ተበተኑ) ተብሎ ተበትነናል። ጥቁሩም ቀዩም ጋሼን ከበው ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ስለ አን ጁንግ ጉን ጠየቋቸውና «አውሮፕላን ማረፊያችን በማን ስም ነው የሚጠራው?» ብለው ጀመሩ። በላይ ዘለቀ! አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ከዚያ የደጃዝማቹን አርበኝነት፣ ጣልያንን በጎጃም እንዴት እንዳስጨነቀው፣ መጨረሻውም ስቅላት መሆኑን ነገሯቸው። ቀጥለው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመታቸውን፣ ዛሬ ቹንቾን ከተማ ውስጥ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ እንዳለ አወሩላቸው። አንዱ ሰማያዊ ቀበቶ «እኛ በኮሪያኛ ስንቆጥር እነሱ እኛን ያውቁናል ማለት ነው?» አለ። «አዎን፣ ያውቁናል» አሉት። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ሃና፣ ዱል፣ ሰት ሲል ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

ጋሼ አሁን ቢጫ ናቸው። እየተማሩት ያሉት ዳን ጉን 21 እንቅስቃሴ አለው፤ ቡጢዎቹ በሙሉ ወደ ላይ፣ በዓይን ትይዩ ስለሆኑ ትከሻቸውን ያማቸዋል። ልቀንስልዎት ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ከፍታውን ለሰውነታቸው ቢቀንሱም ቅደም ተከተሉ ላይ አንድም እንዳይዘለልላቸው ለመኑኝ። እንደዚያው እየሠራን ነው። ወደ አረንጓዴ የሚያስገባውን ምልክት ለማግኘት ከሕፃናቱ ጋር እኩል ይፈተናሉ፤ ካላለፉም እንደማንም ይደግማሉ፣ ይህን አስቀድመው ነግረውኛል።

ፈተናው ከፋሲካ በኋላ ነው። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ልጆች ስላሉን፣ ባዶ ሆዳቸውን እየዘለሉ ሲፈተኑ ማየት አልፈልግም፤ ለስኳር ሕመምተኛም ቢሆን ፈተና የሚመቸው በልቶ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንጀምራለን። ወላጆች ኑ፣ ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ግቡ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ አለ። ስልካችሁን ዝጉ። ልጃችሁ ካላለፈ እዚያው አትገሥጹት፤ ከእኔ ጋር ተነጋገሩ፣ የቀረውን ነገር አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ።