ለድስት የሚስማማው ለእጅ ላይስማማ ይችላል

በቤቴ ፈሳሽ ሳሙና ማዘጋጀት የጀመርሁት ላብሳ በሚባለው ወፍራምና ቡናማ አሲድ ብቻ ነበር። ዋጋው ይቀላል፤ የወጥ ቅባት በማስለቀቅም ብርቱ ነው። አሲድነቱን በኮስቲክ ሶዳ አጥፍቼ የመጀመሪያውን ጀሪካን ለእናቴ ሰጠኋት። ድስቱ ጥርት ብሎ ይወጣላት ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የጣቶቿ ጫፍ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። «ልጄ፣ ይህ ሳሙናህ እጄን በላው» አለችኝ፤ በጣም አዘንሁ።

እንደ ላብሳ ያለው የሳሙና ማጽጃ ንጥረ ነገር ሰርፋክታንት ይባላል፤ አንዱ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን የሚወድ ሞለኪውል ስለሆነ የድስቱን ቅባት ከቆዳችን ተፈጥሯዊ ቅባት ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ በምመርጥበት ጊዜ አስቀድሜ የምጠይቀው ምን ላይ እንደሚያርፍና ሳይታጠብ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው።

በሁለተኛው ቅመራ ከላብሳው ከፊሉን ቀንሼ ጄል በሚመስለው ኤስኤልኢኤስ (ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት) በተባለ ሌላ ሰርፋክታንት ተካሁት፤ ኮካሚዶፕሮፒል ቤታይን ከሚባለው ለስላሳ ሰርፋክታንትም ጥቂት ጨመርሁበት። ቤታይን ከኤስኤልኢኤስ ጋር ሲዋሐድ ቆዳ የማስቆጣት ኃይሉን ያበርደዋል። ማወፈሪያው ተራ የገበታ ጨው ነው፤ ነገር ግን በማንኪያ እየጨመርሁ ሳማስል እንደ ማር የወፈረው ፈሳሽ አንድ ማንኪያ ሲበዛበት ተመልሶ እንደ ውኃ ቀጠነብኝ፤ ከዚያ ወዲህ በትንሽ ናሙና ላይ ሳልሞክር ወደ ባልዲው ጨው አልጨምርም።

ብዙ ገዢዎች የሳሙናን ጥራት በአረፋው ይለካሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ለልብስ ማጠቢያ ማሽን እንዲያውም አረፋቸው አነስተኛ የሆኑት ይመረጣሉ።

«ከተፈጥሮ የተገኘ» የሚለው ቃልም ብቻውን አያሳምነኝም። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ፋብሪካ ሳይኖር ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ ሰርፋክታንት ነው፤ ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ ሳፖኒን ምክንያት ነበር። የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ይኸው ኃይል ግን ዓሣንም ይገድላል።

ለእኅቴ ልጆች ፀጉር ላብሳን ፈጽሞ አላስጠጋም። ከግሉኮስና ከኮኮናት ዘይት በሚገኝ አልኮል የሚሠራው ዴሲል ግሉኮሳይድ ለቆዳ ለስላሳ ነው፤ ሆኖም ጥሬው ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መጠን መለኪያው) ከ11 በላይ፣ ማለትም ብርቱ አልካሊ ስለሚሆን፣ የፒኤች መለኪያው ወረቀት ከጥቁር ሰማያዊነት ወደ ቢጫ እስኪዞር፣ ማለትም ለቆዳ ወደሚቀርበው 5.5 ገደማ እስኪወርድ ድረስ በውኃ የሟሟ ሲትሪክ አሲድ በጠብታ በጠብታ እጨምርበታለሁ።