ጆሮዬና ማይኩ፦ የሳሎኔ የስድስት ወር ሙከራ

ባለፈው ስጽፍላችሁ «አምፕሊፋየሬን (ቤት ሙዚቃ ስሰማ ለስፒከሮቹ ጉልበት የሚሰጠውን መሣሪያ) ልቀይር ነው» ብዬ ነበር። አልቀየርኩም። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ሳሎኔ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሶፋው እንደ አብዛኛው ሰው ቤት ከኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ችግሬ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነበር። ቤዝ ጊታሩ ወደ ታች ሲወርድ አንዱ ኖታ ቤቱን ይሞላዋል፤ ቀጥሎ ያለው ከነጭራሹ የለም። አምፕሊፋየሩ አቅም አጥቶ ነው ብዬ አምኜ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬ ነበር።

በመሃል ዩሚክ-1 የምትባለውን የመለኪያ ማይክ ከጓደኛዬ ተዋስኩ። ኮምፒውተር ላይ በዩኤስቢ ትሰካለች። ማይኳ የሰማችውን በግራፍ የሚያሳየው ሩም ኢኪው ዊዛርድ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ በነጻ ይወርዳል። ማይኳን ልክ ጭንቅላቴ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አቆምኩና ለካሁ። ግራፉ 86 ሄርዝ (በሰከንድ 86 ንዝረት) ላይ ጉብ ብሎ ወጣ። ከዙሪያው በ9 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ ነው) ይበልጣል።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ስታካፍሉት 43 ይመጣል። የ43 እጥፍ 86 ነው። ክፍሉ ራሱ እነዚህን ድምፆች እያጎላ ይመልሳቸዋል። ሁለቱም ኤፍ ለምንለው ኖታ በጣም ይቀርባሉ፤ ቤቱን ሲሞላብኝ የከረመው እሱ ነው! እንዲህ ያለ ድምፅ ደግሞ የሚበረታው ግድግዳው ጥግ ነው። የኔ ጆሮ ያለውም እዚያው ነበር። ሶፋውን 80 ሳንቲሜትር ወደ ፊት ሳብኩት። ጉብታው ወደ 3 ዴሲቤል ወረደ። አንድ ብር አላወጣሁም።

የአምፕሊፋየሩ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም ነበር። ጓደኛዬ የራሱን ይዞ መጣ። ስንሰማው የእሱ በግልጽ ይበልጣል፤ ሁለታችንም ተስማማን። ከዚያ የስፒከሩ ገመድ ላይ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ስንለካ ለካ የእሱ ትንሽ ጮክ ይላል። በጥቂቱ ጮክ ያለ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ ጥራት ያለው ሆኖ ነው የሚሰማው። ሁለቱን እኩል አደረግናቸው። ታናሽ ወንድሜ ከመጋረጃ ጀርባ እየቀያየረልኝ 16 ጊዜ ሰማሁ። የትኛው እንደሚጫወት 9 ጊዜ በትክክል አወቅሁ። ሳንቲም እየጣልኩ ብገምትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናትም ሰዎች ስፒከሮቹን እያዩ ሲሰሙ የሚሰጡት ነጥብ ሳያዩ ከሚሰጡት የተለየ ነበር። ልምድ ያላቸው ሰሚዎችም ከዚህ አላመለጡም።

እስካሁን የማይክ ጠበቃ መስያችሁ ከሆነ ቀጣዩን ስሙ። ግራፉ ሲያስደስተኝ ከታች እስከ ላይ በኢኳላይዘር (ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ ለየብቻ በሚጨምረውና በሚቀንሰው) ቀጥ አደረግኩት። እንደ ማስመሪያ። ከዚያ የማሲንቆ ዘፈን ከፈትኩ። የፈረስ ጭራው ክሩን ሲነካ ያለው ሸካራነት እንደ ምስማር ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የዘፋኙ ድምፅ ቀጠነ። ሁለት ዘፈን ሳልጨርስ ኢኳላይዘሩን አጠፋሁት። ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። ጥሩ ስፒከር ቤት ውስጥ ሲለካ ግራፉ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ሲሄድ በቀስታ ማዘቅዘቅ አለበት። ቀጭን ድምፅ ከስፒከሩ ሲወጣ እየጠበበ ነው፤ ጨርቁም ሶፋውም ይውጡታል። ስለዚህ በግድ ቀጥ ሲደረግ ትሬብሉ፣ ማለትም ቀጭኑ ድምፅ ያለ ልክ ይጨመራል። እኔ ግራፉ ቆንጆ ነው ብዬ አምኜ ነበር፤ ጆሮዬ ግን አላመነም፣ ልክም ነበር። አሁን ኢኳላይዘር የምነካው ከ200 ሄርዝ በታች ብቻ ነው። እሱም ለመቀነስ እንጂ ለመጨመር አይደለም። ማሲንቆው ተመልሶ እንጨትና ቆዳ ሆነ፤ ደስ ይላል።

የቀረኝ የሴራሚኩ ነገር ነው። ሳሎኑ መሃል ቆሜ ሳጨበጭብ ድምፁ ግድግዳና ግድግዳ መሃል ይመላለሳል። ባለፈው ቅዳሜ ጋቢ አጥፌ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ጭብጨባው ቶሎ ዝም አለ። ማይኳ ግን ከ500 ሄርዝ በታች ምንም ለውጥ አላሳየችም፤ ስሱ ጨርቅ ወፍራም ድምፅን አያቆምም። ቀጣዩ ሙከራዬ ወፍራም ምንጣፍና ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚቆም የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ የሞከራችሁ ካላችሁ ከስሩ ምን እንዳነጠፋችሁ ንገሩኝ፤ መግዛት ያለብኝ በዚህ ወር ነው።