አራት መቶ ወታደሮችና ያልተካሄደው ዓድዋ

ኖቲንግሃም ለብዙ ሰው የሮቢን ሁድ አገር ናት፤ ለእኔ ግን ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሆነ ወታደሮች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 ዋርሃመር የተባለውን ጨዋታ ያወጣው ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ በመሆኑ፣ አንድ ጎልማሳ ከሥራ መልስ ጥቃቅን ምስሎችን ቀለም ሲቀባና በጠረጴዛ ላይ ሲያዋጋቸው ቢታይ የሚገረም ጎረቤት የለም። የምትገረመው አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ናት፤ በስልክ በተገናኘን ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ያን አሻንጉሊትህን ጨረስክ ወይስ ገና ነው?» ትለኛለች። ገና ነው፣ እማዬ።

ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየሐሙሱ ማታ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወደሚሰበሰብ ክበብ ወስዶኝ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በልቦለድ ጭራቆች አለፈ፤ ስለ እነርሱ ብዙ የምለው የለኝም። የዓድዋ ዘመን የኢትዮጵያ ጦር በብረት ተቀርጾ እንደሚሸጥ ሳውቅ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተሰለፈው የጣሊያን ጦር ወደ 17,700 ሰውና 56 መድፍ ነበረው፤ የአፄ ምኒልክ ሠራዊት ደግሞ ወደ 100,000 ይገመታል። አንዱ ምስል 250 ሰው ይወክል ብለን ስንስማማ ለጣሊያን 70፣ ለእኛ 400 ምስሎች አስፈለጉ። ሰባውን ሊቀቡ ቃል የገቡት ጣሊያንን የሚያዙት፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ሲሆኑ፣ አራት መቶው የእኔ ዕዳ ሆነ። ሦስት የእንግሊዝ ክረምት ፈጀብኝ።

ሥራው የሚጀምረው በሞረድ ነው። ከቅርጹ ዳር የቀረውን ትርፍ ብረት መሞረድ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ጦሩንና ጋሻውን በወረንጦ ይዞ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ፣ ከዚያም ቀለሙ እንዲይዝ ሁሉንም አንድ ዓይነት ግራጫ መቀባት፤ እስከዚህ ድረስ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ይችለዋል። ችግሩ ሸማው ነው። ነጩን በነጭ ብቻ የቀባ ሰው ኖራ የተለቀለቀ ግድግዳ ያገኛል እንጂ ልብስ አያገኝም። ብዙ ካበላሸሁ በኋላ የደረስኩበት ዘዴ ሙሉውን ሸማ አስቀድሞ ወደ አመድ በሚያደላ ክሬም መቀባት፣ በእጥፋቶቹ ውስጥ በውኃ የቀጠነ ቡናማ ማፍሰስ፣ ሲደርቅም ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ብቻ በነጭ ነካ ነካ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ ልብሱ አቧራ የጠጣ ይመስላል፤ ከሸዋ ተነሥቶ ትግራይ ድረስ በእግሩ የመጣ ሰው ሸማም እንዲያ እንጂ ከሣጥን እንደወጣ የጥምቀት ልብስ ሊሆን አይችልም። ለጥለቱ የጥቂት ፀጉር ስፋት ያላት ብሩሽና አጉሊ መነጽር ያስፈልጋሉ፤ እስትንፋስንም መያዝ ነው። አያቴ «ውጅግራ» ሲሉ እሰማው የነበረው ጠመንጃ የፈረንሳዮቹ ፉዚ ግራ መሆኑን የተረዳሁት አፈሙዙን በብሩሽ ጫፍ ስከተል ነበር።

ፊት ላይ ስደርስ፣ የገዛሁት «የቆዳ ቀለም» የሚል ጠርሙስ ውስጡ ሮዝ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ የራሴን ቀላቀልኩ፦ ጥቁር ቡናማ፣ ጥቂት ቀይ፣ አንዲት ጠብታ ሐምራዊ። መምህሩ ለአስካሪዎቹ፣ ማለትም በጣሊያን ጦር ውስጥ ለተሰለፉት ኤርትራውያን ወታደሮች፣ ፊት የሚሆን ቀለም ሲጠይቁኝ ከዚያው ቀዳሁላቸው። ቀዩ ታርቡሽ ባይኖር የእርሳቸው አስካሪዎች ከእኔ ሰዎች አይለዩም ነበር። ያን ማታ ብዙ አላወራንም።

አንድ ማታ ተጀምሮ በዚያው ማታ በሚያልቅ ውጊያ ላይ ትልቅ ጉድለት ይታየኛል፤ ነገ የለውም። ነገ የሌለው አዛዥ ለወታደሩ አይሳሳም፤ ዳይሱን እየወረወረ የመጨረሻውን ሰው ሳይቀር ይከፍላል። በዘመቻ ግን ዛሬ የወደቀው ምስል በሚቀጥለው ሐሙስ ከሣጥኑ አይወጣም። ለዚህ ነው ከምጽዋ እስከ አሸንጌ ሐይቅ የሚደርስ ካርታ ሥለን፣ አንድ ዙር አንድ ሳምንት ነው ብለን፣ ዳኛ መርጠን የተነሣነው። ዳኛው ሁለቱንም ወገን ያያል፤ እኛ የምናውቀው እርሱ ያሳወቀንን ብቻ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ራይስቪትስ የተባለው የፕሩሺያ መኮንን በ1824 እ.ኤ.አ. ለጦር ትምህርት ያቀረበው የካርታ ጨዋታም የሚመራው በዳኛ ነበር። መምህሩ አዳራሹ ውስጥ ሲቀመጡ እኔ ወጥ ቤቱ ተሰጠኝ፤ ትእዛዜንም በብጣሽ ወረቀት እልክ ነበር።

ከሕጎቹ ሁሉ ጨዋታውን ያጣፈጠው የእህሉ ሕግ ነው። የእያንዳንዱ ራስ ጦር በየሳምንቱ ይበላል፤ ሁለት ሳምንት ያበላ ቦታ ባዶ ይሆናል። የጣሊያን ስንቅ ደግሞ በግመልና በበቅሎ ከምጽዋ ደጋውን ወጥቶ ስለሚመጣ፣ ጦሩ ከወደቡ በራቀ ቁጥር የሚደርሰው ይቀንሳል። ከአምባ አላጌ ድል ማግሥት ጀመርን። መቀሌ ላይ እንደ እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ይዤ ምሽጉ እጁን ሰጠ። ከዚያም ወደ ዓድዋ ተራሮች ተሻግሬ፣ አራት መቶዎቼን በሐሳቤ አሰልፌ፣ መምህሩን መጠበቅ ጀመርኩ።

አልመጡም። የጣሊያን ጦር ከዓድዋ በፊት በሰፈረበት በሳውሪያ መሽገው ተቀመጡ። የታሪክ መምህር ናቸውና የካቲት 23 ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። ራስ አሉላን ወደ ኋላ የሚሸሹ አስመስዬ አንቀሳቀስኩ፤ አልተነቃነቁም። ሦስት ሐሙስ እንዲህ አለፈ። የምኒልክ ሠራዊት እህል እያለቀበት እንደነበር፣ የጣሊያኑ ዋና አዛዥ የጄኔራል ባራቲየሪም ስንቅ የጥቂት ቀናት ብቻ እንደቀረው በትምህርት ቤት ሳነብ እንደ ተራ መስመር ዘልዬው ነበር ያለፍኩት፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ በወረቀቴ ላይ የእህሌ ቁጥር ከሠላሳ ወደ አሥራ ሁለት፣ ከአሥራ ሁለት ወደ አራት ሲወርድ ሳይ ግን ሻይ መጠጣት አቃተኝ። ምሽጉን ላጥቃ ወይስ ልመለስ? ደጋግሜ አሰላሁና ተመለስኩ። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ዓድዋ አልተካሄደም። መምህሩ ከልባቸው አዝነው እጄን ጨበጡ፤ ሰባ ምስል የቀቡት እርሳቸውም ነበሩና።

በኋላ ስንነጋገር ስሕተታችን ምን እንደሆነ ገባን። ሮምን ረስተናት ነበር። ባራቲየሪን ከምሽጉ ያስወጣው የስንቁ ማለቅ ብቻ አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይወተውቱትና ይነቁሩት ነበር። ስለዚህ ዳኛው ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው ቴሌግራም ነው፤ ችላ ያለው አዛዥ ከሥልጣኑ ሊሻር ይችላል። ሁለተኛው የሌሊት ጉዞ ዳይስ ነው፤ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በካርታው የስም ስሕተት ከታሰበለት ኮረብታ አልፎ ብቻውን ስለተገኘ፣ በጨለማ የሚንቀሳቀስ ብርጌድ ሁሉ የት እንደደረሰ የሚያውቀው ሲነጋ ነው። በእኔ ግምት ከሁለቱ የሚሻለው ሁለተኛው ነው፤ ታሪኩን የሚያውቅ ተጫዋች እንኳ ሊያመልጠው አይችልም።

ሁለተኛውን ዘመቻ ስንጀምር ወገን ተለዋወጥን። አራት መቶዎቼን ለመምህሩ አስረከብኩ፤ ምስሎቹን በመቆሚያቸው እንጂ በጦራቸው እንዳያነሧቸው ደጋግሜ ለመንኳቸው። እኔ ሳውሪያ ላይ መሽጌያለሁ፤ የአምስት ሳምንት ስንቅ አለኝ፤ የመውጣት ሐሳብም የለኝም። ባለፈው ሐሙስ ዳኛው ወደ ወጥ ቤቱ ገብቶ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ከሻዬ አጠገብ አስቀምጦልኝ ወጣ። የመጀመሪያዋ ቴሌግራም ነበረች።